ትልቅ ኪቦርድ ከጎንደር ለመላክ፦ ካርቶኑን መፈለግ፣ ማጠፍ፣ ማሸግ

የሙዚቃ ኪቦርድ ስንገዛ ካርቶኑ አብሮ ይመጣል። አንድ ዓመት አልጋ ሥር ይከርማል፤ ከዚያ ቤት ሲጸዳ ተቀዳዶ ምጣድ ሥር ይገባል። የሚያስፈልገን ደግሞ ልክ ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይ ለጥገና አዲስ አበባ ልንልከው፣ ወይ ራቅ ላለ ሰው ልንሸጠው።

እኔ ነገሩን የተማርሁት በኪሳራ ነው። የጥር ሠርግ እንዳለቀ፣ ሁለት ቁልፉ አልጮኽ ያለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዴን ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። በጨርቅ ቦርሳው ከትቼ፣ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ ጠፍሬ። የመኪናው ረዳት "አታስብ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማስቀምጠው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ራሱ አስቀመጠው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ግን አንድ ኩንታል ጤፍ ጫነበት። ለሁለት ቁልፍ የላክሁት ዕቃ ጆይስቲኩ (ድምፁን የሚያጎብጠው ትንሽ ዘንግ) ተገንጥሎ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ደረሰ። ጠጋኙ ደውሎ "ወንድሜ፣ የትኛውን ነው የምሠራልህ?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ልኬያለሁ። ብዙ ሰው የሚደክመው ኪቦርድ የሚመስል ካርቶን ሲፈልግ ነው፤ እንዲህ ያለ ካርቶን ጎንደርን ሙሉ ብትዞሩ አታገኙም። መፈለግ ያለባችሁ ርዝመቱና ስፋቱ የሚበቃ ካርቶን ነው፣ የምንም ዕቃ ይሁን። ቅርጹን እናንተ ታወጡለታላችሁ።

ከቤት ሳትወጡ ለኩ

ሜትር አውጡና ሦስቱንም ለኩ፦ ርዝመት፣ ጥልቀት (ከቁልፉ ጫፍ እስከ ኋላው ገመድ መሰኪያ)፣ ከፍታ። ከፍታውን ስትለኩ ብቅ ያሉትን ኖቦች (የሚዞሩትን መቆጣጠሪያዎች) እና ጆይስቲኩን፣ ከሥር ደግሞ የጎማ እግሮቹን አትርሱ፤ እነሱ ቀድመው ነው የሚመቱት። "ባለ 61 ነው" ማለት ልክ አይሆንም። የ61 ቁልፍ ረድፍ ብቻውን ወደ 85 ሴንቲ ሜትር፣ የ88 ደግሞ ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግን በግራና ቀኝ ስፒከር ያለውና የሌለው እኩል አይረዝሙም። ለምሳሌ ያማሃ ፒ.ኤስ.አር. ኤስ.ኤክስ. 900 ባለ 61 ሆኖ 102 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጥልቀቱ 43፣ ከፍታው 14፣ ክብደቱ 11.5 ኪሎ ነው። ባለ 88ቱ ያማሃ ፒ 45 ወደ 133 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ጥልቀቱ ግን 30 እንኳ አይሞላም፤ ክብደቱም ያው 11.5 ኪሎ ነው። ሞቲፍ ኤክስ.ኤፍ. 8ን የመሰለው ከባዱ ባለ 88 ደግሞ 144 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል። የዚያ ነገር ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በየልኩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ በእያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ለስፖንጅ። 102 በ43 በ14 የነበረው 112 በ53 በ24 ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ውጡ።

ካርቶን ፍለጋ

መጀመሪያ ፒያሳና አራዳ ያሉ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ሂዱ። የምትጠይቁት የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። የኢንቹ ቁጥር የማዕዘን ለማዕዘን ልክ ስለሆነ አያታልላችሁ፤ የ43 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር፣ የ50 ኢንች 111፣ የ55 ኢንች 122፣ የ65 ኢንች 144 ገደማ ነው። ካርቶኑ ከዚያ ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ኤስ.ኤክስ. 900 ላለው ኪቦርድ የ50 ኢንች ካርቶን ይበቃል። የ43ቱ "ይገባል እኮ" ያሰኛል፤ ይገባልም፣ ግን ለስፖንጅ የሚተርፍ ቦታ የለውም። ተዉት።

ባለ ሱቁ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል፣ ምክንያትም አለው፦ ገዢው ዕቃ ሊመልስ ሲመጣ ካርቶኑ ይጠየቃል። ለማሳያ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ቲቪ ካርቶን ግን መጋዘን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከሱቅ ይልቅ የሚቀናኝ ሆቴል ነው። ክፍሎቹን ሲያድስ ቲቪ በአንዴ አሥር አሥራ አምስት ያስገባል፤ ካርቶኑ ጓሮ ይከመራል፣ ዘበኛው የሚያስወግድለት ሰው ይፈልጋል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ሆቴል ሁሉ ለእንግዳ ሲሰናዳ፣ አንድ ዙር ማለት አያከስርም።

እዚያም ካጣችሁ ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ካርቶን የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዴ አንዲት እናት ዘንድ ሄጄ ካርቶን በሜትር ስለካ አይታ፣ "ወንድማለም፣ ሬሳ ነው እንዴ የምታስገባበት?" አለችኝ። ኪቦርድ ነው ብዬ በእጄ ስመታ አሳየኋት። ከሥር ጎትታ ያወጣችው የፍሪጅ ካርቶን እስካሁን ካገኘሁት ሁሉ ጠንካራው ነው። የፍሪጅ ካርቶን ቁመቱ ከ88 ቁልፍም ይተርፋል፤ ችግሩ ግዙፍነቱና አብዛኛውን ጊዜ መገኘቱ በዝናብ ከተመታ በኋላ መሆኑ ነው። ቆራሌው ዘንድም ካርቶን ይገኛል፣ ግን እሱ አጣጥፎና ረግጦ ስለሚያስረው ወገቡ የተሰበረ ነው።

ስታገኙ ሦስት ነገር እዩ። ጠርዙን አይታችሁ ሞገዱ ስንት ረድፍ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ሁለት ረድፍ ያለው ይሻላል፣ አንድ ረድፍ ከሆነ ሁለት ካርቶን ደርባችሁ ትሠራላችሁ። ከዚያ ማዕዘኑን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ከጎደጎደና ካልተመለሰ እርጥበት በልቶታል። ሦስተኛው ማሽተት ነው። ሻጋታ ከሸተተ ርካሽም ቢሆን አትውሰዱት። ነጩን የማዕዘን ፎም ከውስጥ ካገኛችሁ ደግሞ ለምኑና አብራችሁ ውሰዱ።

የቲቪ ካርቶን ወደ ኪቦርድ ሳጥን

ቤት ስትደርሱ ችግሩ ይገለጣል። የ50 ኢንች ካርቶን 122 ርዝመት፣ 77 ቁመት፣ 14 ውፍረት ነው እንበል። እኛ የምንፈልገው 112 በ53 በ24 ነው። ቁመቱ ተርፏል፣ ውፍረቱ አንሷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ኪቦርዱን ያለ ስፖንጅ ጠቅጥቆ ያስገባዋል።

ካርቶኑን በተጣበቀበት ጎን ከፍታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። አንድ ረጅም ወረቀት ይሆናል፦ 122፣ 14፣ 122፣ 14። ከላይና ከታች ሰባት ሰባት ሴንቲ ሜትር የክዳን ጆሮ ስላለው ወርዱ 91 ነው። መሐል ላይ ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ 122 እና አንድ 14 ይደርሰዋል፣ ማለትም 136 በ91። አሁን ሁለት እኩል ወረቀት አላችሁ። አንዱ ታች፣ አንዱ ክዳን ይሆናል፤ እንደ ጫማ ካርቶን።

በመጀመሪያው ግማሽ፣ 122ቱና 14ቱ የሚገናኙበትን ነባር እጥፋት እንደ አንድ ጫፍ ተጠቀሙበት። ከእሱ 112 ሴንቲ ሜትር ለኩና አስምሩ፤ ማዶ 10 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በወርዱ በኩል ከሁለቱም ጠርዝ 19፣ 19 ለኩ፤ መሐሉ 53 ይሆናል። ስለዚህ ወለሉ 112 በ53፣ ረጃጅም ጎኖቹ 19፣ አንዱ ራስጌ 14፣ ሌላው 10 ሆነ። ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሁ አድርጉ፤ ግን ክዳን ስለሆነ መሐሉን 54 አድርጉት፣ ጎኖቹ 18 ተኩል ይሆናሉ። አለበለዚያ በታቹ ላይ አልገባም ይላችኋል።

ስትገጥሟቸው ክዳኑን አዙሩት። ባለ 14 ራስጌው በባለ 10 ራስጌው በኩል ይሁን። 14 እና 10 ሲደመር 24፤ ሳጥኑ ልክ ይዘጋል። መጀመሪያ ሲገጥምልኝ ብቻዬን ቤት ውስጥ አጨበጨብሁ። ራስጌዎቹ ጫፍ ለጫፍ ስለሚገናኙ ከውስጥ በኩል 53 በ24 የሆነ ቁራጭ ካርቶን ለጥፉባቸው። ረጃጅሞቹ ጎኖች ግን 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደራረቡ እዚያ ቦታ ካርቶኑ ድርብ ነው። ድብደባ የሚበዛውም እዚያው ነው።

እጥፋት ስታወጡ በእጅ አትጎንብሱት፣ ይጠማዘዛል። ቀጥ ያለ ጣውላ በመስመሩ ላይ አስቀምጡ፤ ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ ወስዳችሁ ሦስት አራት ጊዜ ጫን አድርጋችሁ አስኪዱት። ላዩ መቀደድ የለበትም፣ መጎድጎድ ብቻ። ከዚያ ጣውላውን ሳታነሱ ወደ ላይ እጠፉት። ካተሩን ለአራቱ ማዕዘን ብቻ አቆዩት፤ እዚያ ከጎኑ በራስጌው እጥፋት ልክ ትሰነጥቁና ጆሮውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በነጭ ኮላ ታጣብቃላችሁ። ኮላው እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ አንድ ሌሊት ይደር። ፕላስተር ብቻውን ማዕዘን አይዝም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይንሸራተታል።

አንድ የግል አስተያየት፦ የቲቪው ሥዕል ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አጥፉት። "ቲቪ ነው" ብለው ጫኞቹ ይጠነቀቃሉ የሚል ወዳጅ አለኝ። እኔ ግን ካርቶኑ ላይ ቲቪ ተስሎ ውስጡ ኪቦርድ ሲገኝ ኬላ ላይ ማብራራት አልወድም። ሌባም ቲቪ ይወዳል።

ርዝመቱ ካልበቃ

ለፒ 45 ዓይነቱ የሚያስፈልገው 143 በ40 በ25 ነው። የ65 ኢንች ካርቶን ከተገኘ ተገላገላችሁ። ካልተገኘ ሁለት የ43 ኢንች ካርቶን ውሰዱና ከእያንዳንዳቸው አንድ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ መሰል ሳጥን ሥሩ፤ አንዱን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ጠበብ አድርጉት። ኪቦርዱን ከሁለቱም ጫፍ አልብሱትና አንዱ በሌላው ውስጥ ይግባ። መደራረቢያው ከ40 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ አጭር ከሆነ መሐሉ ላይ ይቀነጠሳል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ሳጥኑ የሚረዝም ቀጭን ጣውላ አስገቡ። ወገብ ይሆነዋል።

29 ኪሎ የሚመዝነውን ሞቲፍ ግን በካርቶን አትሞክሩት። እሱ የአናጺ ሥራ ነው። 122 በ244 ከሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 154 በ57 የሆነ ታችና ክዳን ጎን ለጎን ይወጣል፤ የሚተርፈው ለረጃጅሞቹ ጎኖች ስለማይበቃ ጎኖቹ 27 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ጣውላ ይሠሩ። ክዳኑ በብሎን ይታሠር፣ በምስማር አይሁን፤ ኪቦርድ ውስጡ ተኝቶ በመዶሻ የሚመታ አናጺ አይቻለሁ። ሲጨረስ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ሃምሳ ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ሰው እንደሚያነሳው አስቡና የገመድ እጀታ አሠሩለት።

ውስጡ

መጀመሪያ ሴቭ ያደረጋችሁትን ሁሉ በፍላሽ አውጡ፤ ስታይሉን (አጃቢ ምቱን)፣ ሪጅስትሬሽኑን (ያስቀመጣችሁትን የድምፅ አሰላለፍ)። ጠጋኝ ቤት ሪሴት ተደርጎ የሁለት ዓመት ድካም ሲጠፋ አይቻለሁ። በድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። አዳፕተሩንና ፔዳሉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በኪቦርዱ ጥልቀትና በሳጥኑ መካከል ባለው ክፍተት አስገቡ። ቁልፎቹ ላይ በፍጹም አታስቀምጡ። ስታንዱ ለብቻው ይሂድ፣ ብረት ነው።

ኪቦርዱን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልሉት። የነጩ ፎም ፍርፋሪ ቁልፎቹ ሥር ከገባ አውጥታችሁ አትጨርሱትም። አንሶላው ላይ ወፍራም ላስቲክ፣ በፕላስተር ዘግታችሁ። በክረምት ይህን ብታልፉት የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ውኃ የነካው ካርቶን እንደ ረጠበ እንጀራ ነው።

ስፖንጁን ከፍራሽ ሰፊዎች ቁራጭ ግዙ፤ ከአዲስ ለስላሳ ይልቅ ደረቅ ያለው። መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ጫኑት፤ ወለሉን ከነካችሁ በጣም ለስላሳ ነው፣ ተዉት። ከሥር ሙሉ ምንጣፍ አድርጉ፣ በአራቱም ጎን ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ አጥብቃችሁ ክተቱ። ከላይ የሚሄደው ግን ይለያል። ጆይስቲኩና ኖቦቹ ባሉበት ቦታ ስፖንጁን ብሱት፣ ክብደት እንዳያርፍባቸው። ስፖንጁ የሚያርፈው በግራና ቀኝ ባለው ጠንካራ አካል ላይና ከስክሪኑ በስተኋላ ባለው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ ቁልፎቹ ሸክም አይሸከሙም። የእኔ ጆይስቲክ የሞተው በዚህ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ለስላሳ ቢሆንም ኩንታሉን ቀጥታ እሱ ላይ ነው ያሳረፈበት።

ክዳኑን ግጠሙና ሳጥኑን ወዝውዙ። የሆነ ነገር "ኳ" ካለ ክፈቱና ሙሉት። ምንም ካልጮኸ ተዘጋጅቷል።

ላዩ

ክዳኑን በኮላ አታሽጉት፤ መንገድ ላይ ይፈተሻል። ፈታሹ በቀላሉ የሚከፍተውና የሚዘጋው ካልሆነ በካራ ይቀደዋል። በሦስት ቦታ ሲባጎ እሰሩና በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ አድርጉ፤ ላዩን በሰፊ ፕላስተር አንድ ዙር ብቻ። የግዢ ደረሰኝ ካለ ኮፒውን፣ ከሌለ የኪቦርዱን ፎቶና የመለያ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ክዳኑ ሥር አስቀምጡ።

ከዚያ ሁለት ንጹሕ የማዳበሪያ ጆንያ ቀዳችሁ ሳጥኑን አልብሱት፤ ገበያ ላይ በወስፌ የሚሰፉ አሉ። ጆንያው ካርቶኑን ከመፋቅ ያድነዋል፣ ለጫኙም መያዣ ይሆነዋል። የላኪና የተቀባይ ስምና ስልክ በማርከር በሁለት ጎን ይጻፍ። "ተሰባሪ" የሚለውን ሁሉም ሰው ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም፤ እኔ "መስታወት አለው" ብዬ እጽፋለሁ፣ ስክሪኑም ውሸታም አያደርገኝም። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሥሩበት። ተኝቶ ቢሄድ ይመረጣል፤ በጫፉ እንዳይቆም ግን ለጫኙ በቃልም ንገሩት።

በምን ይሄድ?

ከጎንደር አዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለበት። በአውቶቡስ ከሆነ ከሆዱ ውስጥ እንጂ ፖርቶመጋላ ላይ አይሁን፤ ለዚህ ሲባል ማልዶ መነሐሪያ መድረስ ያስፈልጋል፣ ሆዱ ቶሎ ይሞላል። ሒሳቡን ከከፈላችሁ በኋላ ሲጫን ቆማችሁ እዩ። የጭነት መኪና ላይ ከሆነ ደግሞ ሸራ መኖሩንና ከላይ መጫኑን።

በአውሮፕላን ከአዘዞ አየር ማረፊያ የምትልኩ ከሆነ አንድ ሒሳብ እወቁ። የአየር ጭነት የሚከፈለው በክብደት ብቻ አይደለም፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታው በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል የሚገኘው ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ነው። 112 በ53 በ24 ሲባዛ 142,464፣ ሲካፈል ወደ 24 ኪሎ ይመጣል። ሚዛን ላይ ግን ከነስፖንጁ 16 ወይም 17 ኪሎ ቢሆን ነው። "ለጥንቃቄ" ተብሎ የሚጨመር እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው። እንደ ተራ ሻንጣ ይዤ እገባለሁ ለሚልም፣ የተለመደው የሦስቱ ጎን ድምር ጣሪያ 158 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኛ ሳጥን 189 ስለሆነ ቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ተቀባዩ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት በአራቱም ጎን ፎቶ ያንሳ፤ በአውሮፕላን ወይም በብርድ ሌሊት ከመጣ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሰካ ያቆየው፣ ውስጡ ጤዛ ሊኖር ይችላል። ክዳኑ ሥር በትልቁ "ይህ ካርቶን አይጣል፣ ይመለሳል" ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያች ቅዳሜ ገበያ ካለች እናት የገዛሁት አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ደርሶ ተመልሷል፤ አሁን አዘዞ ያለ ጓደኛዬ ተውሶት ነው ያለው።